አርብ አርብ የሚሠራ ቤት

የፈረሰ ቤት በራሱ ተመልሶ ሲቆም ያየ ካለ ይምጣና ከኔ ጋር ያውራ። ያላየ አፉን ይዝጋና ያንብብ። ሮማን እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ኒም ዛፍ ያለበት ግቢ የኔ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ የቆጠርኩትን ግን አልረሳሁም። «አሮጊት ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች» የሚል አንባቢ ካለ ገጹን ይግለጥና ወደ ኮከብ ቆጠራው ይሂድ።

ነገሩ የሆነው መንገድ ዳር ያለችውን ክፍሌን ለሙዐዊያ አከራይቼ ሳለ ነው። ሙዐዊያ የሐጂ አብዱልሃዲ ልጅ ነው። ሐጂ ማሾና ሰሊጥ የሚያመላልሱ አይሱዙዎች ያሏቸው፣ ከአሊዩ አምባ ጀምሮ በንግድ የታወቀ ዘር ናቸው። ልጁ ግን ሚዛን ላይ መቆሙን ትቶ ጌም ቤት ከፈተ። ኮምፒውተሮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደርድሮ፣ አንድ የሚንቋቋ ቬንትሌተር ሰቅሎ፣ የሮቢትን ጎረምሳ ሁሉ ግቢዬ ከተተው።

እኔም በመስኮት እያየሁ ጨዋታውን ሁሉ አወቅኩት። ኳሱን አልወደድኩትም፤ ያ ሁሉ ሰው ሮጦ አንዱንም አያልበውም። የመኪናው ጨዋታ ውሸት ነው፤ ገደል ይገባና ተመልሶ መንገዱ ላይ ይቆማል፤ እስቲ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ይሞክሩት። የተኩሱን ደግሞ ጠላሁት። የሞተው ሁሉ ይነሳል። «ሙት እየተነሳ ምኑን ገደላችሁት?» ስላቸው ይስቁብኛል። ያኔ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ሙዐዊያ ዊንዶውስ የሚባለውን ከማሽኖቹ ሁሉ ነቅሎ ሊኑክስ የሚባል ከተተባቸው። ምልክቱ ወፍ ነው፤ ያውም ሆዱ የተነፋ፣ መብረር የማይችል ወፍ።

«የድሮው ምን አጠፋ?» አልኩት።

«እትዬ ሮማን፣ የድሮው በየፍላሹ ቫይረስ ይይዘዋል። ይኼ አይታመምም። ሳላጠፋው ወር ይቆያል። ደግሞ በነጻ ነው።»

«በነጻ የሰጠህ ሰውዬ ምን ሊወስድብህ ነው?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ደህና አድርገህ ጠብቀው።»

የኳሱ ጨዋታ ሊኑክስ ላይ አልነሳ አለ። ጎረምሳው እየተሳደበ ወደ ታች ሰፈር ጌም ቤት ነጎደ። ሙዐዊያ ግን ግግም አለ፤ የተሻለውን ይዤ ለከፋው አልመለስም አለ። ቬንትሌተሩና እሱ ብቻ ቀሩ። እና ናጅዋ።

ናጅዋ የጓደኛዬ የሙሀባ ልጅ ናት። ሙሀባ መናኸሪያ በር ላይ ማንጎ ትሸጣለች፤ ባሏ ሞቶባታል፤ በዚህ ዓለም ያላት ይህችው ልጅ ናት። ናጅዋ ለእናቷ ምሳ አድርሳ ስትመለስ ጌም ቤቱ በር ላይ ትቆምና ትነካካዋለች።

«ደንበኛ የሌለው ንጹሕ ማሽን ምን ይጠቅማል?»

«ንጹሕ መሆኑ አይበቃም?»

«ንጹሕማ የኛም ቤት ነው። ባዶ ስለሆነ ነው የጸዳው።»

ሙዐዊያ ሳቀ፤ ሳቁ አልቆ ዓይኑ እሷው ላይ ቀረ። እሷ ስክሪኑን የምታይ መስላ፣ ያልተበላሸ ሻሿን አስተካከለች።

ሊኑክሱ ላይ አንድ ጨዋታ ነበር፤ ኳስ የለው፣ ተኩስ የለው። ሳጥን በሳጥን ላይ እያስቀመጡ አገር መሥራት ነው። ወንዝ አለው፣ ተራራ አለው፣ ፀሐይ ትወጣበታለች፣ ትገባበታለች። ሰዉ ብቻ ነው የከፋ፤ ራሱ ሳጥን፣ እጁ ሳጥን። ከሁሉም ጨዋታ እሱን ወደድኩት፤ ቢያንስ ሥራ ነው። ሁለቱ እዚያ ውስጥ መንደር ሠሩ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ለራሳቸው አንድ ቤት። ከየትም አገር በኢንተርኔት ይገባበታል፤ የመግቢያውን ቃል የሚያውቁት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። በእውነተኛዋ ሮቢት አብረው መንገድ መሻገር የማይችሉ ልጆች፣ እዚያ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር።

አንዳንዴ ስገባ ሁለቱ የሳጥን ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመው አገኛቸዋለሁ። ከስክሪኑ ውጭ ያሉት ሁለቱ ግን አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አይተያዩም። 

* * *

ቤቱ ያለቀ ቀን ሙዐዊያ ከአባቱ ጋር ማጀቴ ሄዶ ነበር። ናጅዋ እየጎተተች አስገብታ አሳየችኝ።

«እትዬ፣ እንዴት ነው?»

«በሩን ወደ ምዕራብ ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ደደብ ነሽ። በሮቢት አገር በሩን ለከሰዓት ፀሐይ የሚከፍት ሰው ቤት አልሠራም፤ ምድጃ ነው የሠራው።»

«ቆንጆነቱ አይታይዎትም?» ብላ አኮረፈችኝ። ኩራተኛ ናት። ሰማሁ አላለችም።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው ሐጂ ዘንድ ደረሰ። ከመኪናቸው ወርደው ጌም ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ናጅዋ እውስጥ ነበረች። ልጃቸውን አልተቆጡም፤ እሷንም አልሰደቡም። እንደሌለች አልፈው አይተው፣ «የመናኸሪያ ልጅ ለኔ ቤት?» ብቻ አሉ። ሙዐዊያ አፉን ከፈተ፤ አፉ ግን ቃል አላወጣም። ናጅዋ ያየችው እሱን ነው፤ የተከፈተውን አፉን። ዱላ ቢሆን ይሻላት ነበር።

በሳምንቱ በበረሃው መንገድ ወደ ዐረብ አገር ወጣች። ለኔ ያለችኝ፣ «ሠርቼ ስመለስ ሐጂን እንደ ሰው አናግራቸዋለሁ» ነው። ለእሱ ምንም አላለችውም።

በወሩ ጀልባ ሰጠመ ተባለ። አብሯት የወጣ ልጅ ከባሕሩ ዳር ደውሎ፣ «ናጅዋ ውኃ ውስጥ ቀርታለች፤ ስትሰጥም አይቻታለሁ» አለ። ሙሀባ ሐዘን ተቀመጠች። ለቅሶዋን አልነግራችሁም፤ እሱ የሷ ነው። ሙዐዊያ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፤ ማልቀስ ግን አልቻለም። ምኗ ነው ተብሎ? ሁሉም ሲበተን ወደ ጌም ቤቱ ተመለሰና ቤቱን አፈረሰው። ሳጥን በሳጥን። እያንዳንዷ ስትነቀል «ጧ» ትላለች። ኒሙ ሥር ተቀምጬ እሰማለሁ። ጧ። ጧ። ለቅሶው እሱ ነበር።

* * *

ሁዳዴ ገባ።

አርብ ስድስት ሰዓት ሮቢትን ያላየ አያውቃትም። ወንዱ ጁምዓ ይሄዳል፤ እኔና መሰሎቼ ቅዳሴ እንሄዳለን፤ ሱቅ ይቆለፋል። መንገዱ ላይ የሚሄደው ሙቀቱ ብቻ ነው። ሙዐዊያም ክፍሉን ቆልፎ ይሄዳል፤ መንደሩ ያለበትን ማሽን ግን አያጠፋውም። የሱም የሳጥን ሰው ወንዙ ዳር እንደቆመ ይቀራል።

አንድ አርብ ከቅዳሴ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ ሮማን፣ ይምጡ። ይዩልኝ።»

ከወንዙ ማዶ፣ ቤቱ በነበረበት ቦታ ላይ፣ አንድ ግድግዳ ቆሟል።

«ይኼ ያፈረስኩት ነው» አለ።

«አንዱ ተንኮለኛ ይሆናላ የሠራው።»

«ቁልፉ ኪሴ ነው። በኢንተርኔት ቢገባ ደግሞ ቃሉን የሚያውቁት...» ብሎ አቆመ። መጨረስ አልነበረበትም። ቬንትሌተሩ ይንቋቋል፤ እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። በሮቢት! በመጋቢት!

አፈረሰው። በሚቀጥለው አርብ ግድግዳው ተመልሶ፣ ሌላ ጨምሮ ቆመ። ያንንም አፈረሰ። ደግሞ ተመለሰ። እሱ እያለቀሰ ያፈርሳል፤ የማይታየው እጅ ደግሞ ሰው በሌለበት ሰዓት ይሠራል። ሌላ ቀን ምንም የለም፤ አርብ ብቻ።

ሐጂ ሰሙ። «ጅን ነው» አሉ፤ «በሙት ተመስሎ ይመጣል። አታስተናግደው። የመግቢያውን ቃል ቀይር።»

«ጀምሬ ነበር እትዬ» አለኝ ሙዐዊያ። «ስልኳን ያገኘ ሌባ ሊሆን ይችላል ብዬ። እጄ እምቢ አለኝ። ብቀይረው... እሷ ብትሆን በር ላይ ትቀራለች።»

«ሞታለች እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን በር ላይ ትቀራለች።»

ይኼን የሰማሁ ቀን ፍቅር የሚሉትን ነገር ዳግመኛ ላልስቅበት ማልኩ።

አንድ አርብ ጁምዓውን ትቶ ቀረ። የሚሆነውን ልይ ብሎ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ከቅዳሴ ስመለስ እንደተቀመጠ አገኘሁት። መብራቱም ነበር፣ ኢንተርኔቱም ነበር። አንዲት ሳጥን አልተነቃነቀችም።

«እኔ ስኖር አትመጣም» አለ። «እኔ ስሄድ ነው የምትመጣው። ናጅዋ እኔን ትሸሻለች እንዴ? አባቴ እውነቱን ነው። እሷ አይደለችም።»

ማፍረሱን ተወ። ስክሪኑ ላይ ጨርቅ ጣለበትና በዚያው ሳምንት ለአባቱ «እሺ» አላቸው። ልጅቷ ፈሪሃ ትባላለች፤ የማጀቴ ነጋዴ ልጅ፤ ጨዋ፤ ምንም አይወጣላትም። ኒካሑ ከጁምዓ ሶላት ቀጥሎ እዚያው መስጊድ ሊታሰር ተቆረጠ።

ያን አርብ ጠዋት አዲስ ጀለቢያ ለብሶ መጣ። ሲያምር ያስጠላል፤ የተገነዘ ይመስላል። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ኒካሕ ሳስር ያ ማሽን በርቶ መቆየት የለበትም። እኔ ማጥፋት አልችልም። ሰዉ ሶላት ሲገባ እርስዎ ከግድግዳው ይንቀሉት።»

«ከነቀልኩት መንደሩስ?»

«ይቅር እትዬ። ከዛሬ በኋላ ማንም አይኖርበትም።»

ቁልፉ የሱን ላብ ይዞ መዳፌ ላይ ቀረ።

* * *

ቅዳሴውን ተውኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ኹጥባውን ሲጀምር በሩን ከፈትኩ። ክፍሉ ጨለማ ነው። ጨርቁ ሥር ሰማያዊ ብርሃን አለ፤ ከስንጥቁ ይወጣል። ጨርቁ ስለተነፋ ሰው የተከናነበ ነው የሚመስለው። «በስመ አብ» አልኩና ሶኬቱን ያዝኩ። ሳልነቅል፣ ጨርቁን መግለጥ አማረኝ። የሬሳ ፊት ሳያይ የሚቀብር የለም።

ገለጥኩት። ቤቱ ቆሟል።

አንድ ግድግዳ አይደለም፤ ሙሉ ቤት። ካቆመ ወዲህ ያላፈረሰው ሁሉ በጨርቅ ሥር ሲያድግ ሰንብቷል። ጣሪያው ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ዓይኔ እያየ፣ ማንም ሳይኖር፣ አንዲት ሳጥን ቀዳዳው ላይ ጧ ብላ ገባች። እጄ ሶኬቱን ለቀቀ።

ከዚያ ከግድግዳው ጀርባ ወጣች። የሳጥን ሰው። ጭንቅላቷ ላይ ስም ተጽፏል፤ በፈረንጅ ፊደል ነው፤ አላነበውም። ግን የከብት ምልክት ሳይነበብ ይለያል አይደል? ያንን ምልክት ናጅዋ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ በየቀኑ አይቼዋለሁ። ወንዙን ተሻገረች። እየመጣች፣ እየመጣች፣ ሙዐዊያ ትቶት የሄደው ሰው ፊት፣ ማለት እኔ ፊት፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ታየኛለች። ዓይን የላትም፤ ሁለት ነጥብ ነው ያላት፤ ግን ታየኛለች። ወዲያም ወዲህም አትልም። የሞተን ሰው ፎቶ የሚያይ ሰው አቋቋም ነው። ብቻ ከሁለታችን የትኛዋ ናት ሙቷ?

ልሮጥ ነበር። አልዋሽም።  ወደ በሩ ልዞር ስል ፀሐይዋን አየሁ፤ እዚያ ውስጥ ያለችዋን። ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ የጣሪያው ጠርዝ በሷ ቀልቷል። በሩ የት አለ? በሩ በወዲህ በኩል ነው፤ በጥላው በኩል። በምሥራቅ።

ሙዐዊያ ያፈረሰው ቤት በሩ በምዕራብ ነበር። ማሽኑ ያስታወሰውን እየደገመ ቢሆን በሩን በነበረበት ያደርገው ነበር። ሌባ ቢሆን የት ያውቃል? ስድቤን የሰማችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ አኩርፋ የሰማችው።

ሙት ደግሞ ምክር አይሰማም።

ጎረምሶቹ ሰዉን ሊያዘልሉት ሲፈልጉ የሚመቱት ያ ረጅሙ ቁልፍ ነው። ነረትኩት። የሙዐዊያ ሰው ዘለለ። እሷ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች! ደግሜ ነረትኩት። ትንሽ ቆማ፣ እሷም ዘለለች። ከሥር የፈረንጅ ፊደል ተደርድሮ መጣ፤ ቆየ፤ ከዚያ ጠፋ። ምን እንዳለችኝ አላውቅም። እንደዚያ ቀን አለማንበቤ አቃጥሎኝ አያውቅም።

«ቆይ!» አልኩት ስክሪኑን። «ቆይ እንዳትሄጂ አንቺ ደደብ!» እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ።

* * *

ሰዉ ከመስጊዱ ተርፎ መንገዱ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ተሰልፏል። ሰጋጅ ፊት አይታለፍም፤ ይኼን እኔም አውቃለሁ። አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ያ ሁሉ ነጭ ጀርባ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ግንባሩን መሬት ያደርጋል። አንድም ሰው አይናገርም። ከበስተኋላዬ ያ ክፍል ተከፍቶ ቀርቷል፤ ሰማያዊው ብርሃን ጀርባዬን የሚያየኝ ይመስለኛል። ሙዐዊያ በአባቱ ጎን ነው። ከፊት የፈሪሃ አጎት አሉ።

ኢማሙ ወደ ቀኝ አሰላመቱ፤ ወደ ግራ አሰላመቱ። አልጠበቅኩም።

«ሙዐዊያ! በሩ በምሥራቅ ነው!»

መንገዱ ሙሉ ፊት ወደኔ ዞረ።

«የምን በር?» አለ።

«የቤታችሁ በር! ያኔ ወደ ምዕራብ ነበር፤ ደደብ ብዬ ሰደብኳት፤ አሁን አዙራዋለች! ሙት ምክር ይሰማል እንዴ? ንገረኝ!»

ሐጂ ተነሱ። «አንቺ ሮማን፣ በአላህ፣ ልጄን በኒካሑ ቀን አታዋርጂ።»

«ሐጂ፣ እርስዎ አንድ ጊዜ አዋርደውት ጨርሰዋል። እኔ ምን ተረፈኝና ነው?»

ሙዐዊያ ጫማውን አልፈለገም። በዚያ በሚፋጅ አስፋልት ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ።

ስደርስ ኪቦርዱ ላይ ነበር። እሷ እንደ ቆመች ናት። ጻፈ፤ የጻፈውንም ያነበበውንም ጮክ ብሎ ይለዋል፤ ለኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

«ናጅዋ ነሽ?»

ፊደሎቹ መጡ። «‹ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶህ ዘለልክ?› ትላለች» ብሎ ዞረብኝ። «ዘለልኩ?»

«እኔ ነኝ የዘለልኩት! ጻፍ አንተ!»

«የት ነሽ?»

«ጅዳ። ሰው ቤት። ወንዶቹ ጁምዓ ሲሄዱ የልጃቸውን ኮምፒውተር እነካለሁ። ሌላ ጊዜ የለኝም። ለምን ታፈርሰዋለህ?»

ሙዐዊያ እጁን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ። «ሞታለች ብለውኝ።»

 ቬንትሌተሩ ዞረ።

«ማን?»

«ሁሉም። እናትሽ ሐዘን ተቀምጣልሻለች።»

የሳጥኗ ሰው ወደ ኋላ ሄደች፤ መለስ አለች፤ መድረሻ ያጣች መሰለች። «ሌላ ጀልባ አነሳኝ፤ ስልኬ ግን ባሕር ገባ። ለእናቴ ልኬ ነበር» አለች። «ወደ አገር ከተመለሰች የማጀቴ ሴት ጋር። ተርፋለች በይልኝ ብዬ። አልመጣችም?»

«አልመጣችም።»

«እኔ ሁላችሁም ታውቃላችሁ ብዬ። መኖሬን እያወቅህ ስታፈርሰው፣ አልፈልግሽም ማለትህ መስሎኝ። ቃል መጻፍ ኩራቴ ከለከለኝ። ዝም ብዬ ሠራሁ። ብታፈርስም እሠራለሁ አልኩ። ማፍረስ ስትተው ይቅር ያልከኝ መሰለኝ።»

«አንድ አርብ ቀርቼ ጠበቅኩሽ። አልመጣሽም።»

«ሰውዬው ታሞ ቤት ዋለ።»

እዚህ አንዱ ጁምዓ ቀረ፤ እዚያም አንዱ ቀረ። በዚያች በአንዷ አርብ። ፀጉሬ ቆመ። እስካሁን ሳስበው ይቆማል።

«በሩን ለምን እንዳዞረችው ጠይቅልኝ» አልኩት። አወቅኩት፤ ግን ከሷ አፍ ልስማው።

«‹እትዬ ሮማን ናቸው የሰደቡኝ› ትላለች። ‹ንገራቸው፤ እውነታቸውን ነው።›»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሐጂ ናቸው፤ ከኋላቸው የመስጊዱ ሰው። ፊደሉን እሳቸው ያነባሉ። አነበቡ። 

«ሰዎቹ ይጠብቃሉ» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ግን የሳቸው አልነበረም።

«አባ» አለ ሙዐዊያ፤ ሳይዞር፤ ዓይኑን ከሷ ላይ ሳያነሳ። «ያን ቀን በዚህ በር ላይ አፌን ከፍቼ ምንም አላልኩም። ዛሬ እላለሁ። አልመጣም። የመናኸሪያ ልጅ ለኔ ቤት።»

ያንኑ ቃል፣ ቃል ሳያዛንፍ፣ መለሰላቸው። ከዚያ ጣቶቹ ጻፉት፤ ለእሷም። አየኋት፤ ቆማ አነበበችው። ወደ ፊት አንድ እርምጃ መጣች። እሱም ሰውየውን አንድ እርምጃ አስጠጋው። ሁለት ሳጥኖች፣ ፊት ለፊት፣ በመሐላቸው ባሕር።

«መጡ» የሚል ቃል ታየ። እና ጠፋች። አልሄደችም፣ አልዞረችም፤ ከቆመችበት ጠፋች። ሙዐዊያ እጁን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ፤ የሚይዛት ይመስል። ባዶውን ሣር ነው የያዘው። ሐጂ ጫማቸውን ይዘው በባዶ እግራቸው ሲወጡ አየሁ፤ መጫማትን ረስተውት ነበር።

* * *

ፈሪሃ ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ» ብላ፣ ሒናዋ ሳይደርቅ ማጀቴ ተመለሰች ይባላል። እኔ ግን የዚያን ሰዓት መናኸሪያ ነበርኩ።

ሙሀባ ማንጎዋን በጆንያ ሸፍና ከጥላው ተጠግታለች። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። አልጮኸችም። «ሮማን፣ ምላስሽ ስለታም ነው፤ በልጄ ግን አትቀልጂ» አለችኝ። እጇን ይዤ አመጣኋት።

ሙዐዊያ ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጣት። እዚያ ውስጥ ፀሐይ ገብታለች፤ መሽቷል። የሱን ሰው እየመራ ወንዙን አሻገረላትና በምሥራቁ በር ይዟት ገባ። ውስጡን እኛም ገና ማየታችን ነው። ችቦ በርቷል። ሦስት መቀመጫ አለ።

«ሦስተኛው የማን ነው?» አለ ሙዐዊያ፣ ቀስ ብሎ።

ሙሀባ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ዓይኗ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ትፈልጋለች።

«እዚህ ውስጥ ናት?»

«አሁን የለችም እማ። በሚቀጥለው አርብ ትመጣለች።»

«ችቦውን እሷ ናት ያበራችው?»

«እሷ ናት።»

ሙሀባ በማንጎ ሙጫ የጠቆረ እጇን አነሳችና መስታወቱ ላይ፣ ችቦው ያለበት ላይ፣ መዳፏን አሳረፈች።  ከዚያ ዞራ አየችኝ፤ ሐዘን ከተቀመጠች ወዲህ ያላየሁት ፊት ነበር።

«ይሞቃል» አለች። «ሮማን፣ ይሞቃል እኮ!»

በሮቢት ሙቀት ያለ እረፍት የሚሠራ ስክሪን ሁሉ እንደሚግል አውቃለሁ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ዝም አልኩ።